ቀድሞ የገባውና ገና የሚፈልገው፦ ስለ አውሮፓ ቤቶች ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአውሮፓ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቷል። የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት የሆነው ዩሮስታት ስለ ቤት ዋጋና ስለ መኖሪያ ቤት ሁኔታ የሚያወጣቸውን አሃዞች ይዞ፣ የትኛው አገር ለኑሮ እንደሚሻል፣ ቤት መግዛትም መቼ እንደሚያዋጣ ይመክራል። አጻጻፉ ይስባል፤ አብዛኞቹ አሃዞችም ትክክል ናቸው። ዝም ብዬ እንዳላልፍ ያደረገኝ የማውቃቸው ሰዎች ይህንኑ ጽሑፍ እየጠቀሱ ስለ ባንክ ብድር ሲመካከሩ መስማቴ ነው። የሃያና የሠላሳ ዓመት ዕዳ የሚገባበት ምክር በደንብ ሊፈተሽ ይገባዋል።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። በሮማኒያ ከመቶ ሰው 96ቱ የራሱ በሆነ ቤት ሲኖር በጀርመን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተከራይ ነው፤ ስለዚህ በመኖሪያ ቤት ረገድ ምሥራቅ አውሮፓ ምዕራቡን በልጧል ይላሉ። በዩሮስታት የቤት ዋጋ ጠቋሚ መሠረት ኢስቶኒያና ሀንጋሪ ከአህጉሩ ሁሉ ውድ፣ ጣሊያን ደግሞ ርካሽ ናቸው ይላሉ። አንድ አውሮፓዊ በአማካይ ለቤት የሚያወጣው ከገቢው አንድ አምስተኛውን ብቻ ስለሆነ የቤት ቀውስ የሚባለው የተጋነነ ወሬ ነው፤ የሚቸገረውም ገንዘብ አያያዝ የማያውቅ ነው ይላሉ። የደቡብ አውሮፓ ፀሐይ የማሞቂያ ወጪን ያስቀራል፣ ስደተኞች ተጣበው የሚኖሩትም ባህላቸው ስለሆነ ነው ሲሉም ያክላሉ። መደምደሚያቸው የቤት ዋጋ ምንጊዜም ስለሚጨምር ቶሎ ተበድራችሁ ግዙ የሚል ነው።

የእኔ ተቃውሞ አሃዞቹ ሐሰት ናቸው የሚል አይደለም። እነዚህ አሃዞች በአብዛኛው የሚናገሩት ቀድሞ ቤት ስለያዘው ሰው ነው። ጽሑፉን የሚያነበው ወገናችን ግን ብዙውን ጊዜ ገና ቤት የሚፈልግ፣ ወይም ትናንት የተከራየ ነው። ጸሐፊው የአንዱን ኑሮ ለሌላው ምክር አድርገውታል።

ከባለቤትነቱ ልጀምር፤ በእኛ ዘንድ ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካው እርሱ ነውና። ሮማኒያ ውስጥ የቤት ባለቤትነት እንዲህ የበዛው ሕዝቡ ጥሪት አጠራቅሞ ስለገዛ አይደለም። የኮሚኒስቱ ሥርዓት በ1989 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከወደቀ በኋላ፣ መንግሥት ያሠራቸውን አፓርታማዎች ውስጣቸው ለሚኖሩት ተከራዮች በአነስተኛ ዋጋ ሸጠላቸው። በስሎቫኪያ፣ በሀንጋሪና በክሮኤሺያም ታሪኩ ይመሳሰላል፤ የሦስቱም የባለቤትነት መጠን ከ90 በመቶ በላይ ነው። ያ ዕድል በዚያን ጊዜ በዚያ ቤት ውስጥ ለነበረ ሰው የተሰጠ ነው። ዛሬ ወደ ሮማኒያ ዋና ከተማ ወደ ቡካሬስት ለሚገባ ሰው ማንም አፓርታማ በዚያ ዋጋ አይሸጥለትም።

ቤቶቹስ ምን ዓይነት ናቸው? ጸሐፊው ባለቤትነቱን ከጠቀሱበት ከዚያው ከዩሮስታት ብዙ ማየት ይቻል ነበር። በ2023 በሮማኒያ ከመቶ ሰው 40ው ተጣቦ ይኖር ነበር፤ የኅብረቱ አማካይ 17 በመቶ ገደማ ነው። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ክፍል በኅብረቱ በአማካይ 1.6 ሲሆን በሮማኒያ 1.1 ነው። በ2020 ደግሞ ከአምስት ሮማኒያዊ አንዱ ገላ መታጠቢያም ሆነ ውኃ የሚለቀቅበት መጸዳጃ በሌለው ቤት ይኖር ነበር። በቡካሬስት መሐል ከተማ የሚሄድ ሰው በአንዳንድ አሮጌ ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ ቀይ ክብ ምልክት ያያል። ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ የመፍረስ አደጋ ያለባቸው መሆናቸውን የሚያመለክት ነው። ከ1,500 በላይ ሰዎች የሞቱበት የመጋቢት 1977 መንቀጥቀጥ በአገሩ የማይረሳ ነው። በእነዚህ ሕንፃዎች የሚኖሩት አብዛኞቹ ባለቤቶች ናቸው፤ ሕንፃውን ለማጠናከር ግን ደርዘን ሙሉ ባለቤቶች መስማማትና ማዋጣት ስላለባቸው ሥራው ለዓመታት ይጓተታል። ካርታው በእጅ ነው፤ ሕንፃው ግን እንዳለ ነው።

ከዚህም የሚብስ ስሕተት አለ። የዩሮስታት የባለቤትነት አሃዝ የሚቆጥረው ሰውን እንጂ የባለቤትነት ካርታን አይደለም። ባለቤት በሆነ ቤተሰብ ውስጥ የሚኖር ሁሉ «በራሱ ቤት የሚኖር» ተብሎ ይመዘገባል። የሠላሳ ዓመት ሠራተኛ ሆኖ መከራያ ስላጣ ከእናትና አባቱ ጋር በልጅነት ክፍሉ የሚያድረውም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። በ2023 ወጣቶች ከወላጅ ቤት የሚወጡበት አማካይ ዕድሜ በክሮኤሺያ 31.8፣ በስሎቫኪያ 31 ዓመት ነበር። በፊንላንድ 21.4፣ በጀርመን 24 ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ የ28 ዓመት ክሮኤሺያዊ መውጫ አጥቶ ሲቀመጥ የአገሩን ባለቤትነት ከፍ ያደርጋል፤ አንዲት የ24 ዓመት ጀርመናዊት ተከራይታ ራሷን ስትችል ደግሞ የአገሯን ዝቅ ታደርጋለች። ከሁለቱ የተሻለ የሚኖረው ማን እንደሆነ ይህ አሃዝ ሊነግረን አይችልም።

ጀርመን ውስጥ ተከራይ መሆንም ጸሐፊው እንዳሰቡት ውድቀት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሞች ከፈራረሱ በኋላ መንግሥት በ1950 ባወጣው የቤቶች ግንባታ ሕግ ለብዙኃኑ የሚሆን የኪራይ ቤት በስፋት ተሠራ። የኪራይ ውል በተለምዶ የጊዜ ገደብ የለውም፤ አከራዩ ያለ ሕጋዊ ምክንያት ሊያስወጣ አይችልም፤ ለነባር ተከራይ የሚጨመረው ኪራይም በሦስት ዓመት ውስጥ ከ20 በመቶ፣ ቤት በጠፋባቸው ከተሞች ደግሞ ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ይከለክላል። ከአውሮፓ ሀብታም አገሮች አንዷ በሆነችው በስዊዘርላንድም ከግማሽ የሚበልጠው ሕዝብ የሚኖረው በኪራይ ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ነጥብ አለ። ተከራይ አገር ውስጥ የተራው ቤተሰብ ጥሪት አነስተኛ ነው። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በ2013 ይፋ ባደረገው የቤተሰቦች ሀብት ጥናት፣ መካከል ላይ ያለው ጀርመናዊ ቤተሰብ የተጣራ ሀብት 51 ሺህ ዩሮ ገደማ ሆኖ ከጣሊያኑም ከስፔኑም አንሶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያትም ቤት የሌለው መብዛቱ ነበር። ጡረታ የወጣ ሰው ኪራይ የማይከፍል ከሆነ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ይህንን አልክድም። ይህ ግን «ባለቤትነት በጊዜ ብዛት ጥሪት ይሆናል» የሚል ክርክር ነው እንጂ «ሮማኒያዊው ከጀርመናዊው የተሻለ ቤት አለው» የሚል አይደለም።

ስለ ዋጋ ጠቋሚው አጭር መልስ ይበቃል፤ ስሕተቱ ግልጽ ነውና። ጠቋሚው የሚለካው ዋጋ ከአንድ መነሻ ዓመት ወዲህ ምን ያህል እንደተለወጠ ነው፤ ዋጋው ስንት እንደሆነ አይናገርም። በየአገሩ ያለው የመነሻ ዓመት ዋጋ እኩል 100 ተደርጎ ይቀመጣል። ለምሳሌ 50 ሺህ ዩሮ የነበረ አፓርታማ ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆኖ 150 ሺህ ቢገባ ጠቋሚው 300 ይላል። 400 ሺህ የነበረው በ40 በመቶ ጨምሮ 560 ሺህ ቢሆን ጠቋሚው 140 ይላል። የጸሐፊው ሠንጠረዥ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው «ውድ» አድርጎ ደርድሮታል። ከ2010 እስከ 2023 በኢስቶኒያ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ፣ በሀንጋሪ ወደ ሦስት እጥፍ መጠጋቱ፣ በጣሊያን ደግሞ በ8 በመቶ ገደማ መቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን የጣሊያኗ ሚላን ከኢስቶኒያዋ ታሊን ርካሽ ናት ማለት አይደለም። ጣሊያን ውስጥ በአንድ ዩሮ ስለሚሸጡት ቤቶች የተወራውም ወጣቶቹ ጥለዋቸው ስለሄዱ መንደሮች ነው፤ ገዢው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ቤቱን ለማደስ ግዴታ ይገባል፣ መያዣ ገንዘብም ያስቀምጣል።

መነሻ ዓመቱም ራሱ ነገር አለው። 2010 ለኢስቶኒያ መደበኛ ዓመት አልነበረም። በባልቲክ አገሮች ከ2007 በኋላ በደረሰው ውድቀት የቤት ዋጋ ወደ ግማሽ ወርዶ ስለነበር ጠቋሚው መቁጠር የጀመረው ከጉድጓዱ ውስጥ ነው። ጸሐፊው «በአሥራ ሦስት ዓመት ሦስት እጥፍ» ሲሉ ከ2007 ጀምረው ቢቆጥሩ ኖሮ ዕድገቱ በጣም ያንስ ነበር። አገሮችን በዋጋ ውድነት ማወዳደር ከፈለጉ ዩሮስታት ለዚያ የሚሆን ሌላ መለኪያ አለው፤ ኪራይን፣ ውኃን፣ መብራትንና ጋዝን ጨምሮ የቤት ወጪ ዋጋ በየአገሩ ከኅብረቱ አማካይ አንጻር የት እንደሚገኝ ያሳያል። በዚያ ሠንጠረዥ ከሁሉም በላይ ያለችው አየርላንድ ነች፤ ወጪዋ የአማካዩ እጥፍ ገደማ ነው። ቡልጋሪያና ፖላንድ ከአማካዩ ግማሽ በታች ናቸው። የጸሐፊው ቅደም ተከተል በዚህ መለኪያ ይገለበጣል።

አሁን ከሁሉም በላይ ወዳስቆጣኝ ነጥብ ልምጣ። «አንድ አምስተኛ ብቻ» የሚለው አሃዝ ከሰማይ አልወረደም፤ በ2023 የኅብረቱ ነዋሪዎች ከሚጠቀሙበት ገቢ 19.7 በመቶውን ለቤት አውጥተዋል ይላል ዩሮስታት። ነገር ግን በዚህ አማካይ ውስጥ ማን አለ? ከኅብረቱ ነዋሪ 69 በመቶው በባለቤትነት የሚኖር ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙው ዕዳውን ጨርሶ የከፈለ ወይም ቤቱን የወረሰ ስለሆነ የሚያወጣው ለመብራት፣ ለማሞቂያ፣ ለግብርና ለጥገና ብቻ ነው። ብድር ያለበትም ቢሆን በዚህ ስሌት የሚመዘገብበት ወለዱ ብቻ ነው፤ ዋናውን ብድር ለመመለስ የሚከፍለው አይቆጠርም። በወር ለባንክ 1,000 ዩሮ የሚከፍል ቤተሰብ ከዚያ ውስጥ 400ው ወለድ ከሆነ፣ በመዝገቡ የሚሰፍረው 400ው ነው። ተከራዩ ግን የሚከፍለው እያንዳንዱ ሳንቲም ይመዘገብበታል። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ደምሮ ማካፈል ለአዲስ ተከራይ የሚያስረዳው ምንም ነገር የለም።

ስለ ድሃው ደግሞ እንይ። ገቢው ከድህነት መለኪያው በታች የሆነ ነዋሪ ለቤት የሚያወጣው 38 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህም የአማካዩ እጥፍ ማለት ነው። ዩሮስታት አንድ ቤተሰብ ከገቢው ከ40 በመቶ በላይ ለቤት ካወጣ ጫና በዝቶበታል ብሎ ይቆጥረዋል። በ2023 በዚህ ጫና ሥር የነበረው ከኅብረቱ ነዋሪ 8.8 በመቶ ነው፤ በከተሞች 10.6፣ በገጠር 7 በመቶ። በገበያ ዋጋ ከሚከራዩት መካከል ግን ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ይደርሳል። በግሪክ ከአገሩ ሕዝብ ሁሉ ከሩብ በላይ የሚሆነው በዚህ ጫና ሥር ይኖራል። ይህን ሁሉ ሰው «ገንዘብ አያያዝ አያውቅም» ማለት እንዴት ይቻላል? የአቴንስ ሰው ከኒቆሲያ ሰው ይልቅ አባካኝ ሆኖ ነው በቆጵሮስ መጠኑ 3 በመቶ እንኳ የማይሞላው?

ኪራይ ከ2010 እስከ 2023 በኅብረቱ በ22 በመቶ ብቻ ጨመረ የሚለውንም ጸሐፊው እንደ ማስረጃ አቅርበዋል። ይህ ጠቋሚ አሥራና ሃያ ዓመት በአንድ ቤት የኖሩ ሰዎች የሚከፍሉትን ኪራይ ይጨምራል። እኔ በምኖርባት በጀርመን ይህ በግልጽ ይታያል። የ2022ቱ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአገሪቱን አማካይ ኪራይ ማሞቂያና ሌሎች ወጪዎች ሳይጨመሩ በካሬ ሜትር 7.28 ዩሮ አድርጎ አስቀምጧል፤ በሙኒክ 12.89። በዚህ ዋጋ ሙኒክ ውስጥ ዛሬ ቤት የሚያከራይ ይገኝ እንደሆነ የቤት ማስታወቂያዎችን ለአንድ ምሽት ማየት ይበቃል። አማካዩን ዝቅ አድርጎ የያዘው የነባሮቹ ውል ነው። አዲስ ተከራይ በዚያ ላይ ማሞቂያውን፣ የሕንፃውን የጋራ ወጪና እስከ ሦስት ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ ይከፍላል፤ የሥራ ውልና የዕዳ ታሪክ ማረጋገጫም ይጠየቃል። ትናንት የመጣ ሰው የዕዳ ታሪክ ከየት ያመጣል? በ2015 የወጣው የኪራይ ጣሪያ ሕግ ቤት በጠፋባቸው ከተሞች አዲስ ኪራይ በአካባቢው ከተለመደው ኪራይ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ግን አዳዲስ ሕንፃዎችንና የቤት ዕቃ ተሟልቶላቸው ለአጭር ጊዜ የሚከራዩትን አይመለከትም፤ መብቱን ለማስከበርም ተከራዩ ራሱ አከራዩን መጠየቅ አለበት። ቋንቋውን ገና የሚማር ሰው ከአከራዩ ጋር ክርክር ለመግጠም ምን ያህል ድፍረት እንደሚያስፈልገው እናውቃለን። በመንግሥት ድጎማ ኪራያቸው ዝቅ ብሎ የተወሰነ ቤቶችም በ2006 ከ2 ሚሊዮን በላይ የነበሩት ዛሬ ወደ 1 ሚሊዮን ገደማ ወርደዋል።

በሌሎችም ከተሞች ነባሩና አዲሱ እንዲሁ የተለያዩ ናቸው። ቪየና የቤት አቅርቦት ምሳሌ ተብላ ትወደሳለች፤ ይገባታልም። ከተማዋ 220 ሺህ ገደማ የሚሆኑ የራሷ አፓርታማዎች አሏት፤ ከነዋሪዎቿም ግማሽ ያህሉ በከተማዋ ወይም በድጎማ በተሠሩ ቤቶች ይኖራሉ። ሆኖም ለከተማዋ ቤት ለማመልከት ቢያንስ ሁለት ዓመት በቪየና በመኖሪያ አድራሻ መመዝገብን የሚጠይቅ ደንብ ስለቆየ፣ አዲስ መጪ መጀመሪያ የሚጋፈጠው የግሉን ገበያ ነው። በስቶክሆልም በከተማው የቤት አደላዳይ በኩል ቀጥተኛ የኪራይ ውል ለማግኘት የሚጠበቀው በአማካይ 9 ዓመት ገደማ ነው፤ መሐል ከተማ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ወረፋው እስኪደርስ ድረስ ወገኖቻችን የሚኖሩት ሌላ ተከራይ በሚያከራያቸው ክፍል፣ ውሉ በየጊዜው በሚያልቅ ቤት ነው። አዲስ የመጣ ሰው አማካዩን አይከፍልም።

ከአማካዩም ጨርሰው የወጡ አሉ። ዩሮስታት ስለ ኑሮ ሁኔታ የሚሰበስበው መረጃ የሚመጣው በግል መኖሪያ ቤቶች ከሚደረግ የናሙና ጥናት ነው። በስደተኞች መጠለያ፣ በጋራ ማረፊያና በጎዳና የሚኖረው በዚያ ናሙና ውስጥ የለም። ጀርመን ቤት የሌላቸውን ለብቻ መቁጠር የጀመረችው በ2022 ነው፤ በጥር 2024 መጨረሻ በመጠለያ ያደሩት ሰዎች ቁጥር ወደ 440 ሺህ ደርሷል። ከእነዚህ መካከል አንዱም ለ19.7 በመቶው አልተጠየቀም። የመኖሪያ ፈቃድ አግኝቶ ቤት ስላጣ ብቻ መጠለያ ውስጥ የሚቆይ ወገን እንዳለ ጸሐፊው ያውቃሉ ብዬ አምናለሁ። ጽሑፋቸው ስለ እርሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ሊኖረው ይገባ ነበር።

ስለ ደቡቡ ፀሐይ ብዙ አልልም። በ2023 ቤታቸውን በቂ አድርገው ማሞቅ አልቻልንም ካሉት መካከል ስፔንና ፖርቱጋል እያንዳንዳቸው በ20.8 በመቶ ከፊት ተሰልፈዋል፤ በፊንላንድ 2.6 በመቶ ብቻ ነው። በቆጵሮስ ከሕዝቡ ሲሶ የሚጠጋው ጣሪያው በሚያፈስ ወይም ግድግዳው እርጥበት በሚይዝ ቤት ይኖራል፤ የቤት ወጪ ጫና ዝቅተኛ ከሆነባቸው አገሮች አንዷ ግን እርሷው ነች። ፊንላንድ ቤቶቿን ለቅዝቃዜ ብላ ትሠራለች፤ የሊዝበን አሮጌ አፓርታማ ግን በጥር ወር ሌሊት ከውጭው ብዙም አይለይም። በበጋ ለጉብኝት የሄደ ሰው ይህንን አያየውም።

«ተጣበው የሚኖሩት ባህላቸው ሆኖ ነው» ወደሚለው ልለፍ። በመጀመሪያ መለኪያው እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ዩሮስታት ለአንድ ቤተሰብ አንድ የጋራ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ባልና ሚስት አንድ፣ 18 ዓመት ለሞላው ላላገባ ሰው አንድ፣ ከ12 እስከ 17 ዓመት ላሉ ሁለት ተመሳሳይ ፆታ ልጆች አንድ፣ ፆታቸው ከተለያየ ለየራሳቸው አንድ አንድ፣ ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ያስፈልጋል ይላል። ባልና ሚስት፣ የ14 ዓመት ወንድ፣ የ13 ዓመት ሴትና አንዲት አያት ያሉበት ቤተሰብ እንግዲህ አምስት ክፍል ሊኖረው ነው። ለማብሰያ ብቻ የሚውል ወጥ ቤት በቁጥሩ አይገባም። ጸሐፊው መለኪያው ግትር ነው ሲሉ የሚያነሡት ቅሬታ ሚዛን ይደፋል፤ በአንድ ክፍል ስቱዲዮ ብቻውን በምቾት የሚኖር ሰውም እንደተጣበበ ይቆጠራል። አያትን አቅፎ መኖርም ለእኛ ጸጋ እንጂ ጉድለት አይደለም።

ባህል ነው ማለቱ ግን በራሱ በሠንጠረዡ ይፈርሳል። ከሁሉም በላይ ተጣቦ የሚኖረው የላትቪያና የሮማኒያ ሕዝብ ነው፤ ሁለቱም በ40 በመቶ ዙሪያ ናቸው፤ አብዛኛው የዚያው አገር ተወላጅ እንጂ ስደተኛ አይደለም። ዘመድ አዝማድ የሚቀራረብባቸው፣ ቤተሰብ የሚከበርባቸው ማልታና ቆጵሮስ ደግሞ በ2 በመቶ ዙሪያ ዝቅተኞቹ ናቸው። የቤተሰብ ፍቅር ቢሆን ኖሮ የሚያጣብበው እነርሱ ከፊት በሆኑ። ልዩነቱን የሚያመጣው ቤቶቹ ምን ያህል ሰፊ ሆነው እንደተሠሩና ሰው ምን ያህል መክፈል እንደሚችል ነው። ከኅብረቱ ውጪ የመጡ ዜጎች ከአገሬው ይልቅ ከእጥፍ በላይ ተጣበው የሚኖሩትም በከተሞች፣ በኪራይ፣ በዝቅተኛ ደመወዝ ስለሚኖሩ ነው።

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ማስረጃ ደግሞ የቤተሰብ ማምጣት ጉዳይ ነው። በጀርመን ሕግ ቤተሰቡን ማምጣት የሚፈልግ ሰው በመደበኛው አካሄድ በቂ መኖሪያ እንዳለው ማሳየት አለበት፤ በአስተዳደር መመሪያው ለእያንዳንዱ ከስድስት ዓመት በላይ ለሆነ ሰው 12 ካሬ ሜትር፣ ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ 10 ካሬ ሜትር ይታሰባል። ጥገኝነት ያገኘ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ካመለከተ ከዚህ ነፃ ነው፤ ያ ቀን ካለፈበት ግን ቤቱ ሊለካበት ይችላል። ሚስቱንና ልጆቹን ለማየት ተጨማሪ አሥር ካሬ ሜትር ፍለጋ ከከተማ ከተማ የሚንከራተተውን አባት «ጥበቱን የመረጠው በባህሉ ነው» ማለት ትልቅ በደል ነው። ይህ ቃል ከጽሑፉ እንዲወጣ በአክብሮት እለምናለሁ።

የመጨረሻው ነጥብ ምክሩ ነው፦ ዋጋ አይወርድምና ተበደሩ። ወርዶ ያውቃል። በአየርላንድ ከ2007 እስከ 2013 በግማሽ ገደማ ወርዶ ወደ ቀድሞ ከፍታው የተመለሰው በ2022 ነው። በ2007 የገዛ ሰው የቤቱ ዋጋ ከከፈለው ጋር እስኪስተካከል አሥራ አምስት ዓመት ጠበቀ፤ በመሐል ሥራ ያጣ ወይም ከአገር መውጣት የነበረበት ደግሞ ዕዳው ከቤቱ ዋጋ በልጦ ተገኘ። በጀርመን በ2023 ብቻ ዋጋ በ8.4 በመቶ ቀንሷል፤ አሃዙ መሰብሰብ ከጀመረበት ከ2000 ወዲህ እንዲህ ያለ የአንድ ዓመት ቅናሽ አልታየም።

ጸሐፊው በውድነት ያነሷት ሀንጋሪ ራሷ የብድርን አደጋ ከሁሉም በላይ ታሳያለች። ከ2008 በፊት መቶ ሺዎች የሀንጋሪ ቤተሰቦች ወለዱ ዝቅተኛ ስለነበር የቤት ብድር የወሰዱት በስዊስ ፍራንክ ነበር፤ ደመወዛቸው ግን በአገሩ ገንዘብ በፎሪንት ነው። በ2008 አንዱ ፍራንክ 150 ፎሪንት ገደማ ነበር። ቀውሱ ሲመጣ ፎሪንት ወደቀ፤ በየወሩ የሚከፈለው ዕዳ ቤቱ ሳይለወጥ፣ ደመወዙ ሳይጨምር ዘለለ። መንግሥት በ2014 መጨረሻ ባወጣው ሕግ ብድሮቹ ወደ ፎሪንት ሲለወጡ ስሌቱ ለአንድ ፍራንክ 256 ፎሪንት ገደማ ሆኗል። ጠቋሚው በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለነዚያ ቤተሰቦች አንድም ነገር አልተናገረም፤ እርሱ የሚያውቀው ዋጋን እንጂ ዕዳን አይደለምና። በስዊድንም የማዕከላዊው ባንክ ወለድ በ2022 መጀመሪያ ዜሮ ነበር፤ በመስከረም 2023 4 በመቶ ገባ። ወለዱ በየሦስት ወሩ የሚስተካከል ብድር የነበረው ወገን ያንን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፈው ስዊድን ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ።

ቤት አትግዙ አላልኩም። ሥራው የተረጋጋ፣ በዚያ ከተማ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ለመቆየት ያሰበ፣ ወለዱ ለረጅም ጊዜ እንዳይለወጥ የተወሰነለት፣ ብድሩም ደመወዙ በሚከፈልበት ገንዘብ የሆነ ሰው ቢገዛ ብዙውን ጊዜ ይጠቀማል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ኢትዮጵያ ላሉ ወላጆቹ በየወሩ ገንዘብ የሚልክ ሰው ግን ያንን ከገቢው ቀንሶ ነው ማስላት ያለበት፤ የባንኩ ባለሙያ ስለዚያ አይጠይቀውም። ጸሐፊው ደግሞ ጽሑፉን እንደገና የሚያሰራጩ ከሆነ የጠቋሚውን ሠንጠረዥ አውጥተው በምትኩ የየአገሩን የቤት ወጪ ደረጃና በገበያ ዋጋ የሚከራዩትን ሰዎች ጫና የሚያሳየውን ቢያስገቡ፣ ከ19.7 በመቶው ጎን ደግሞ የድሃውን 38 በመቶ ቢጽፉበት፣ ጽሑፉን ለሚያነበው ወገን የሚጠቅም መረጃ ያቀርባሉ።